አባቴ መጨረስ ያቃተው ሳጥን

አባቴ ሸምሱ አናጢ ነበር። መካኒሳ አቦ አካባቢ ከነበሩት ቤቶች በግማሾቹ ውስጥ እሱ የሠራው አልጋ ወይም ቁም ሳጥን አይጠፋም። በር በሁለት ቀን፣ አልጋ በሦስት ቀን ያስረክብ ነበር። በ1980 ዓ.ም. ግን አንድ ሳጥን ከሚያዝያ እስከ አዲሱ ዓመት መስከረም ፈጀበት። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ በአባቴም በጣም አፍሬ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በሜይ ዴይ ዕለት ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ወጋየሁ አዳራሹ ውስጥ ንግግር ሲያደርግ «ጠላቶቻችን ይንኮታኮታሉ!» ብሎ አትሮኖሱን በቡጢ መታው። አትሮኖሱን ምስጥ ሲበላው ኖሮ ስለነበር ተንኮታኮተ። ወረቀቱ ተበተነ፣ ውኃ የያዘው ብርጭቆ ተንከባለለ። ሰዉ ሳቁ እንዳያመልጠው ብሎ አጨበጨበ። ጓድ ወጋየሁ አጭር ሰው ነው፤ ከፊቱ የሚከልለው ነገር ሲጠፋ አጭርነቱ ሁሉ ታየ።

በሦስተኛው ቀን ቤታችን መጣ። የአባቴ መሥሪያ ቤት ከመኖሪያችን ኋላ የተቀጠለ የቆርቆሮ ክፍል ነበር።

«ጓድ ሸምሱ፣ ለአብዮት በዓል የሚደርስ አትሮኖስ እንፈልጋለን። ከሕዝቡ ጋር እኩል የሚያደርገኝ ይሁን።»

«እሺ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ግን ከፍ ያለ።»

አባቴ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደ። «ምን ያህል ከፍ ይበል?»

ጓድ ወጋየሁ ወደ ኋላው ዞር ብሎ ማንም እንደሌለ አየና እጁን ከራሱ በላይ አነሣ። አባቴ ሜትሩን ዘርግቶ የእኩልነቱን ከፍታ ለካ። አርባ ሳንቲም ሆነ።

በማግስቱ አባቴ ባዶ የሲሚንቶ ወረቀት ቀዶ ንድፉን አወጣ። ከታች እንደ መድረክ ያለ ሰፊ መቆሚያ፣ ከመቆሚያው ፊት ለፊት ደግሞ ወረቀት የሚቀመጥበት ቋሚ ሳጥን። ሁለቱም አንድ ላይ የተያያዙ፣ ውስጣቸው ባዶ። ጓድ ወጋየሁ አትሮኖስ ይለዋል፤ እኛ ቤት ግን ስሙ ሳጥኑ ነበር።

በዚያው ሰሞን ቀበሌያችን አርባ ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና እንዲያወጣ ኮታ መጥቶለት ነበር። አንድ ቀን እናቴ ሐሚዳ ከስብሰባ ተመልሳ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። የታናሽ ወንድሟ፣ የአጎቴ የመሐሙድ ስም ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። መሐሙድ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ከስልጤ መጥቶ እኛ ጋር እያደረ ብስራተ ገብርኤል አንድ ሱቅ ውስጥ ይሠራ ነበር። እኔ የማውቀው ዝርዝር አንድ ብቻ ነበር፤ የቀበሌ ሱቅ ስኳር ሲመጣ የሚነበበው። ዝርዝር ውስጥ የገባ ስኳር ያገኛል፣ ያልገባ ባዶ ዘንቢሉን ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ እናቴን አጎቴ ዕድለኛ ሆኖ ሳለ ለምን እንደምታለቅስ ጠየቅኋት። ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ሽሮውን ማማሰል ቀጠለች።

በነጋታው ከሰዓት መሥሪያ ቤቱ ስገባ አጎቴ መሬት ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። አባቴ ከመቀመጫው እስከ አናቱ፣ ከወገቡ እስከ ተረከዙ፣ ከትከሻ እስከ ትከሻው ይለካዋል።

«ጉልበቴን ትንሽ ማጠፍ ብችል» አለ አጎቴ።

«ስፋቱ አይፈቅድም።»

«አንድ አምስት ሳንቲም ጨምርልኝ እንጂ፤ አማችህ አይደለሁ?»

«አንገትህን ቀንስ፤ እኔ እንጨት እንጂ ላስቲክ አልሠራም።»

ሳቅሁ። «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ስል አባቴ ሳይዞር መለሰልኝ፤ «ጓድ ሊቀመንበሩ ንግግሩ ሲረዝምበት ቁጭ ሊል ይችላል። ቁጭ ሲል እንዲበቃው ነው።» አመንኩት። እንዲያውም አጎቴ ከጓድ ወጋየሁ በብዙ ስለሚረዝም አባቴ የተሳሳተ ሰው እየለካ ነው ብዬ ለእናቴ ነገርኋት። እናቴ በቀስታ አፌን በመዳፏ ያዘች።

ከዚያ በኋላ አጎቴ አገር ቤት ሄደ ተባለ። ሳይሰናበተኝ መሄዱ ከነከነኝ።

አሁን ላስተካክለው። አጎቴ የትም አልሄደም። ከእኔ ፍራሽ ሁለት ግድግዳ አልፎ፣ ከሰጋቱራው ክምር ኋላ ነበር። የውጭ ሰው ሲመጣ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፤ እግሩ ከመቆሚያው ሥር ይዘረጋል፣ ወገቡና ራሱ ቋሚው ውስጥ ይገባሉ። ጀርባው ላይ ያለው ጣውላ ከውስጥ ይቆለፋል። ቤት ሲበረበር አልጋ ይገለበጣል፣ ጣራ ይወጣል፣ ጉድጓድ ይታያል፤ የሊቀመንበሩን አትሮኖስ ግን የሚነካ የለም። አባቴ በአንድ ዕቃ ለሁለት ደንበኛ ነበር የሚሠራው። ችግሩ ሳጥኑ ካለቀ ይወሰዳል፤ ከተወሰደ መሐሙድ መደበቂያ የለውም። ስለዚህ ማለቅ አልነበረበትም።

እኔ የማየው ግን ሌላ ነበር። እናቴ ለአባቴ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሁለት ሰሐን ምግብ ታስገባለች፤ አባቴ የሁለት ሰው ይበላል፣ ግን ይከሳል። ከቆርቆሮው ውስጥ የሳል ድምፅ ይሰማል፤ «ዋንዛ ሲደርቅ እንዲህ ነው» ትለኛለች እናቴ። እንጨት ጉንፋን እንደሚይዘው አምኜ ታናሽ ወንድሜን አዝዬ በሩ ሥር እየቆምኩ «ይማርህ» እለው ነበር። አንድ ቀን «ያኑርሽ» ያለኝ መሰለኝ። እናቴ ጆሮሽ ነው አለች።

የሳጥኑ አሠራር እንዲህ ነበር። አባቴ በመጀመሪያ ከሳሙና ሳጥን እንጨት አንድ ክንድ የምታህል ናሙና ሠራ። ናሙናዋን ለማየት ሰባት የኮሚቴ አባላት መጡና ሰጋቱራው ላይ ቆመው ከበቧት። ጓድ ወጋየሁ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ሦስት ጊዜ ዞራት።

«ለምን ባዶ ሆነ?» አለ ውስጧን አጎንብሶ አይቶ።

«ለድምፅ ነው ጓድ። እንደ ከበሮ ነው። እርስዎ ላይ ሆነው ሲናገሩ ባዶው ተቀብሎ ያገዝፈዋል።»

ጓድ ወጋየሁ ድምፁ ቀጭን ነው። ፊቱ በራ። «ባዶነቱ ይጽደቅ!» አለ። ጸሐፊው ጻፈ፤ ስድስት እጅ ወጣ።

«እንግዲህ እኔ ያልተማርኩ አናጢ ነኝ» አለ አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ። «ግን ከቀበሌ በላይ ያሉት የከፍተኛው ጓዶች መጥተው ሲያዩት ምን ይጎድለዋል ይሉ ይሆን?»

 በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰባት ሰው አንድ ላይ ላብ በላብ ያደርግ ነበር። በመጨረሻ አንዱ ኮከብ ይኑረው አለ። ሌላው ወዛደር የሌለበት ኮከብ ምን ይሆናል አለ። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ ጓድ ሸዋረገድ ሴት ከተረሳች ፊርማዬን አታገኙም አለች። አባቴ እያንዳንዱን «ድንቅ ሐሳብ ነው» እያለ ተቀበለ። ለእያንዳንዱ አዲስ ጣውላ፣ ለእያንዳንዱ ጣውላ ሦስት ሳምንት ማድረቂያ ጠየቀ። ክረምት ነበርና ማንም አልተከራከረውም።

እኔ በዚያ ቀን ስለ አባቴ አዘንኩ። ሌላ ጊዜ ማንም ምን ሥራ ብሎት አያውቅም፤ ዛሬ ባርኔጣውን አውልቆ ምን እንደሚሠራ ይለምናል።

ሥዕሉን እንዲሠራ የተጠራው እንግዳ የሚባል ወጣት ነው። እንግዳ የጎረቤታችን የእትዬ ተናኘወርቅ ልጅ ነው፤ እሳቸው ባላቸው የሞተባቸው፣ ገበያ ላይ ጎመንና ድንች የሚሸጡ ሴት ናቸው። ያለ እሱ ልጅ የላቸውም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ ውጤቱን እየጠበቀ ነበር። ተማሪ ስለነበረ ስሙ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። በሰፈሩ ውስጥ እኔን እንደ ትልቅ ሰው የሚያናግረኝ እሱ ብቻ ነበር።

«ዙሌካ፣ ጓድ ሸዋረገድ የምትለው ሴት ምን ዓይነት ናት? አንቺ ብትሆኚ እንዴት ትስያታለሽ?» ይለኛል እርሳሱን እየቀረጸ።

«ወፍራም።»

«የተጨቆነች ናት እኮ።»

«ይሁን። ጓድ ሸዋረገድም ወፍራም ናት።»

ሳቀና ሴትየዋን ወፍራም አድርጎ ሣላት። ጓድ ሸዋረገድ አይታ በጣም ወደደቻት። ኮከቡን እንግዳ ሲሥል አባቴ በመስመሩ ላይ በመሰርሰሪያ ትናንሽ ቀዳዳዎች በሳ። ድምፁ እንዲወጣ ነው አለ። ከበር የሚገባው ብርሃን ሲያርፍበት ያምር ነበር። አጎቴ በኋላ ሲነግረኝ በዚያ ኮከብ ክረምቱን ሙሉ ተንፍሷል።

አሰሳው በሐምሌ መጣ። ከምሳ በኋላ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ሦስት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ ይዘው ገቡ። አልጋችንን ገለበጡ፣ የእህል ጆንያውን በሳንጃ ወጉት። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ገቡ። ሳጥኑ ቀይ ጨርቅ ለብሶ መሐል ላይ ቆሟል። አንደኛው፣ ፂም ያላወጣ ልጅ፣ ጠመንጃውን ሊያስደግፍበት ጠጋ አለ።

«ኧረ! ኧረ! ኧረ!» ብሎ አባቴ ጮኸ። «ቫርኒሹ አልደረቀም! ጓድ ሊቀመንበሩ ነገ ሊያየው ሲመጣ የማንን ሰደፍ ነው የማሳየው? ስምህን ንገረኝ!»

ልጁ በድንጋጤ ወደ ኋላ ሸሸ። በእጅጌው ምንም ያልነካውን ቦታ ጠረገ። ትልቁ «ይቅርታ ጓድ» አለና ሦስቱም በጫማቸው ጫፍ እየረገጡ ወጡ። ጠመንጃ የያዘ ሰው አባቴን ይቅርታ ሲጠይቅ ሳይ ያ ሁሉ ሐፍረቴ ለአንድ ቀን ጠፋ። አባቴ ሰጋቱራው ላይ ቁጭ ብሎ እስኪመሽ አልተነሣም። ደክሞት ነው አልኩ።

ነሐሴ ሲገባ ሳጥኑ የሚቀረው አልነበረም። ጓድ ወጋየሁ በየሰኞው ይመጣል፤ ምክንያቱ ሁሉ አለቀ። ያኔ ነው እናቴ የገባችበት። እናቴ ጓድ ሸዋረገድ በምታስተምረው የመሠረተ ትምህርት ክፍል ፊደል ትቆጥር ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ እጇን አወጣች። እኔም ወንድሜን አዝዬ ኋላ ቆሜ ነበር።

«ጓድ ሸዋረገድ፣ የባለቤቴ ሳጥን ላይ ያለው ኮከብ...»

«ምን ሆነ?»

«ምንም። ብቻ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነብላል መሰለኝ። ዓይኔ ይሆናል።»

ጓድ ሸዋረገድ ጠመኔውን አስቀመጠች። በማግስቱ ሰባቱም ዝናቡን ጥሰው መጡ። ወደ ቀኝ ማዘንበል በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። አንዱ ከበሩ ሆኖ በአንድ ዓይኑ አየ፤ አንዱ ውኃ ልክ አምጡ አለ፤ ጓድ ወጋየሁ ከሳጥኑ በስተ ኋላ ቆሞ ሲያየው ወደ ግራ አዘነበለበትና ወደ ግራ ማዘንበልም የራሱ ችግር እንዳለው አስታወሰ። ክርክሩ ሦስት ስብሰባ ፈጀ። እንግዳ ኮከቡን ሁለቴ ፍቆ ሣለው። በአራተኛው ስብሰባ ኮከቡ እንደ መጀመሪያው ሆኖ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

የሰፈሩ ልጆች ግን መንገድ ላይ አያሳልፉኝም ነበር።

«ዙሌካ፣ አባትሽ መዶሻው ጠፋበት እንዴ?»

«አንድ ሳጥን አምስት ወር! ለእኔ የሬሳ ሳጥን ካሁኑ ጀምርልኝ በይው፣ ስሞት ይደርሳል!»

እኔ ያኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት እኔም እንደ እናቴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ታናናሾቼን አዝዬ ስለምውል የቤታችንን ነገር ሁሉ አይ ነበር። በቆርቆሮው ስንጥቅም አይቻለሁ። አባቴ ጠዋት ብሎኑን ይፈታል፣ ከሰዓት መልሶ ያጠብቀዋል። ያለቀ ዕቃ ማፍረስ ምን ይባላል? ሥራ የጠፋበት ሰው የሚያደርገው መሰለኝ።

የአብዮት በዓል ዕለት፣ መስከረም ሁለት ጠዋት፣ ሰዉ ለሰልፍ እየተሰበሰበ ነበር። ቦኖው ጋ ውኃ ልቀዳ ቆሜ ሳለ ጓድ ሸዋረገድ ቀይ ሻሽ አሥራ ከሴቶች ጋር አለፈች። እኔን ስታይ ቆመች።

«አንቺ የሸምሱ ልጅ! ሊቀመንበሩ ዛሬ በአባትሽ ምክንያት የሻይ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ሊናገር ነው። አባትሽ ያን ሳጥን ለልጅ ልጆቹ ነው የሚሠራው?»

ሴቶቹ ሳቁ። ልጆቹም ሳቁ። 

«አልቋል!» አልኩ። «ከሐምሌ ጀምሮ አልቋል! አባዬ ራሱ እየፈታ ራሱ ይገጥመዋል እንጂ ካለቀ ቆይቷል! ሂጂና እዪው!»

ሳቁ ቆመ። እኔም አባቴን ያዳንኩት መሰለኝ።

ቤት ሳልደርስ ጓድ ወጋየሁ ስምንት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ቀድሞኛል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አባቴ እጁን ግራና ቀኝ አንጠልጥሎ ቆሟል። እናቴ በሩ ላይ ናት።

ጓድ ወጋየሁ በጣቱ ሳጥኑን ዳሰሰው። ደረቅ ነው። «ከሐምሌ ጀምሮ አልቋል?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጥቂት ማስተካከያ...»

«አሻጥር ነው! ሕዝቡን በመሪው ለማሳቅ የተሸረበ አሻጥር! ክፈተው። ውስጡን ልየው።»

እናቴ ግድግዳውን ያዘች። አባቴ ግን ባርኔጣውን አውልቆ በእርጋታ ተናገረ።

«እከፍተዋለሁ። ግን ውስጡ የድምፁ ቤት ነው። አምስት ወር አፍኜ ያቆየሁት ለዛሬ ነው። ዛሬ ከተከፈተ አየሩ ይወጣል፤ እንግዲህ ድምፅዎ ቢቀጥን ተጠያቂ አይደለሁም።»

ጓድ ወጋየሁ ሳጥኑን አየው። አባቴን አየው። በቀጭኑ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አይከፈት» አለ። «አንሡት! ቀስ ብላችሁ! አየሩን እንዳታንቀጠቅጡት!»

ስምንቱ ገብተው አነሡት። «ይሄ እንጨት ነው ድንጋይ?» አለ አንዱ እያቃሰተ። «ዋንዛ ነው፤ ክረምቱን ውኃ ጠጥቶ ነው» አለ አባቴ። «ይክበድ!» አለ ጓድ ወጋየሁ። «የእኛ ነገር ቀላል መሆን የለበትም!»

እናቴ ከመውጣቷ በፊት ጉንጬን በሁለት ጣቷ ያዘችኝ።  «ከዛሬ ጀምሮ ማንም አየሽ ወይ ቢልሽ አላየሁም ነው የምትዪው። ማንም ይሁን። ሰማሽ?» አለችና ላስቲክ ይዛ ተከተለቻቸው። ዝናብ እንዳይነካው አለበሰችው፣ እስከ አዳራሹ ድረስም እጇን ከላዩ አላነሣችም። አንዲት ሴት የባሏን ሥራ እንዲህ የምትወድ መሆኗ ገረመኝ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጓድ ወጋየሁ ሳጥኑ ላይ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁሉ ሰው በላይ ሆነ። «ጓዶች!» ሲል ድምፁ እንደ ከበሮ ተመለሰ። ራሱም ደነገጠ፤ ቀጥሎም ደስ አለው። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ተናገረ። ስለ ውትድርና ሲደርስ መቆሚያውን በእግሩ መምታት ጀመረ።

«ከብሔራዊ ግዳጅ የሚሸሽ ፈሪ ከዚህ ቀበሌ የትም አያመልጥም!» ዷ! «ከምድር ሥር ቢገባ እናወጣዋለን!» ዷ! «አሁንም ከእግራችን ሥር ነው!» ዷ! ዷ!

በየዷው እናቴ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከኮከቡ ቀዳዳ አቧራ ብናኝ ይወጣል። አጎቴ እንደነገረኝ ለአሥር ቀን ጆሮው አልሰማም፤ ንግግሩን ግን እስከ ዛሬ ቃል በቃል ያውቀዋል፤ በአረፋ በዓል እየተነሣ ያሰማናል፣ እኛም እንስቃለን።

ንግግሩ አልቆ ሰዉ ለሰልፍ ሲወጣ አባቴ «ብሎን ላጥብቅ» ብሎ ቀረ። ሰልፉ አስፋልቱን ይዞ ሲሄድ፣ ፊት ለፊት ካለው መፈክር የተጻፈበት ትልቅ ጨርቅ የግራውን እንጨት አጎቴ መሐሙድ ይዞት አየሁ! ፀጉሩ ሰጋቱራ ለብሷል፤ እግሩን እየጎተተ እንደ ወታደር ቀጥ ቀጥ እያደረገ ይራመዳል። ለበዓሉ ከአገር ቤት የመጣ መሰለኝ። እግሩ ደንዝዞ እንደነበረ አሁን አውቃለሁ። ልጠራው አፌን ከፈትኩ፤ እናቴ አየችኝ፤ ዘጋሁት።

ጨርቁን የያዘ ሰው ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከሦስት ጠባቂ ፊት «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር!» እያለ አለፈ። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ከጎኑ የሚራመደውን እንግዳን «ያዝልኝ ወንድሜ፣ ሽንቴ መጣ» አለው። እንግዳ ተቀበለው። አጎቴ በወንዙ ወረደ፤ በለቡ ማሳ አቋርጦ፣ በእግሩ፣ በአራተኛው ቀን አገሩ ገባ። ዛሬ አራት ልጆች አሉት።

ሰልፉ አቦ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲያልቅ ጓድ ወጋየሁ በድምፅ ማጉያ ተናገረ። «ሰልፈኛው ወደ ቤት! ጨርቅና መፈክር የያዛችሁ የቀበሌ ንብረት በፊርማ ስለምታስረክቡ ባላችሁበት ቆዩ!» የያዙት በጨዋ ደንብ ቆሙ። ከኋላቸው ኡራል የሚባለው የወታደር ጭነት መኪና መጣ። ከኮታው የጎደለው ስንት እንደነበር አላውቅም፤ ንብረት የያዘ ወጣት ሁሉ ከነፊርማው ተሳፈረ። እንግዳ ከላይ ሆኖ ሲያየኝ እጁን አወዛወዘልኝ። መኪና መሳፈር ትልቅ ነገር ስለነበር ቀናሁበት። እኔም አወዛወዝኩለት።

ቤት ስመለስ ሦስት ወር ያላየሁትን የእናቴን ፈገግታ አየሁ። አባቴ ሰጋቱራውን ይጠርጋል። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ሳለ እትዬ ተናኘወርቅ መጡ። ጎመን ሲሸጡ የሚያሸርጡትን ጆንያ ሳያወልቁ ነበር የመጡት፤ አንድ ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረዋል።

«ዙሌካዬ፣ እንግዳን አይተሽዋል? ልጆች ያዙ ይላሉ። ተማሪ ነው እኮ፣ ወረቀቱ ይኸው። ወዴት እንደወሰዷቸው የሚነግረኝ አጣሁ።»

ጠዋት በመናገሬ የሆነውን አየሁ። ጉንጬ ላይ የእናቴ ጣቶች ገና ይሰሙኛል።

«አላየሁም» አልኩ።

«ከሰልፉ ጋር አልነበርሽም?»

«አላየሁም እትዬ።»

ፊቴን ትንሽ አዩት። «እሺ የኔ ልጅ። ግቢ፣ ይበርድሻል» አሉኝና ከአቦ በሚያርቀው፣ ወደ ሳር ቤት በሚወስደው መንገድ፣ ዝናቡ ውስጥ፣ ሮጡ።

እናቴ ከውስጥ «ማን ነው?» አለችኝ።

«እትዬ ተናኘወርቅ ናቸው። አየሽ ወይ አሉኝ፣ አላየሁም አልኳቸው።»

«ጎበዝ!» አለችኝ። ማንን አየሽ እንዳሉኝ አልጠየቀችም። ከበዓሉ ዳቦ ትልቁን ቆርሳ ሰጠችኝ። በላሁት።

የእኔ ትልቁ ልጅ ዘንድሮ አሥራ ስምንት ሞላው። በቀን አምስት ጊዜ እደውልለታለሁ፤ «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ይለኛል። ምን እንደምለው አላውቅም። እትዬ ተናኘወርቅ ከደጃፋችን ከሄዱ በኋላም ያ ኡራል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አቦ በር ላይ ቆሞ ነበር። ወረቀት ይዘው የደረሱ ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን አስወርደው በእጃቸው እየጎተቱ ወስደዋል።